የድሮውን ፎቶ በትልቁ ልተካው ወይስ ለብቻው ልጫነው? የደሴ ፒያሳ ፎቶ ጉዳይ ነው

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ከርሞ ነው የመጣሁት። ከስድስት ሰባት ዓመት በፊት ዊኪሚዲያ ኮመንስ (የዊኪፔዲያ ፎቶዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ላይ አንድ የደሴ ፒያሳ ፎቶ ጭኜ ነበር። ያነሳው አጎቴ ነው ነፍሱን ይማረውና፣ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው፣ ጊዜው 1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ በእጄ የነበረው የታጠበው ወረቀት ብቻ ነው፣ 9 በ13 ሴንቲሜትር የምንላት፣ እሷን ይዤ ሰፈር ያለ ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ስካን አስደረግኩ፣ ልጁ በስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ) እንዳደረገው እንኳ አልጠየቅኩም፣ 924 በ640 ፒክሰል ሆና ወጣች እሷኑ ጫንኩ። ትንሽ ናት ግን ሰው ወደዳት፣ አሁን በአማርኛው ዊኪፔዲያ ብቻ ሳይሆን በሌላ ቋንቋም ስለ ደሴ በተጻፈ ገጽ ላይ ገብታ አይቻታለሁ።

ዘንድሮ የአጎቴ ልጆች ቤት ሲያጸዱ ኔጌቲቩ (ወረቀቱ የታጠበበት ፊልም) በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ!! እኔ ወላሂ አለቀስኩ። ሁለት ስካን አለኝ አሁን። አንዱ እዚሁ ደሴ በ2400 ዲፒአይ የተደረገ 3400 በ2268 ገደማ ነው፣ ሌላውን የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ወስዶ በ4800 አስደርጎት 6800 በ4535 ሆኖ መጣ።

ጥያቄዬ፣ አሮጌውን "አዲስ እትም ጫን" ብዬ ልተካው ወይስ እንደ አዲስ ፋይል ልጫነው? የቱንስ ነው የምጭነው፣ ትልቁን ነው? የሚያሳስበኝ ምን መሰላችሁ፣ ኔጌቲቩ ላይ ከወረቀቱ የበለጠ ቦታ ይታያል፣ በቀኝ በኩል ወረቀቱ ላይ የሌለች ሴይቼንቶ (ትንሿ ፊያት 600 መኪና) ቆማለች። ወረቀቱ ደግሞ ኔጌቲቩ ላይ የሌለ ነገር አለው፣ ጥጉ ላይ የፎቶ ቤቱ ማህተም ተረግጦበታል። ሌላ ደግሞ ፋይሉ ሲከብድ ገጠር ሆኖ በትንሽ ፓኬጅ የሚያነብ ሰው ላይ ሸክም እንዳይሆን ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?


ወረኢሉ ማዶ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ምን ያስጨንቃል ትልቁን ጫኚው ተኪው በቃ። ሰው የሚፈልገው ጥራት ነው፣ ድብዝዝ ያለ ፎቶ ለደሴም አይመጥናትም። ከዛ በኋላ ደግሞ በኤአይ ትንሽ ካጠራሽው የሰዎቹ ፊት ሁሉ ቁልጭ ይላል።


ኮምቦልቻ ቁልቁል

ኔጌቲቭ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው እንኳን ደስ አለሽ። ግን ወንድሜ ወረኢሉ እንዳለው አትቸኩይ፣ በመጀመሪያ የፒክሰል ብዛት እና ዝርዝር አንድ አይደሉም። ስካነር 4800 ብሎ ስለጻፈ 4800 ያያል ማለት አይደለም፣ በተለይ ወረቀት ለመገልበጥ የተሰሩት ጠፍጣፋዎቹ ስካነሮች ሌንሳቸው ከሚጻፍባቸው ቁጥር በታች ነው የሚያየው፣ የተረፈው ገለባ ነው፣ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ፍሬ የለውም።

ገለባውን ከፍሬው የምትለዪበት ቀላል ዘዴ አለ። ጊምፕን አውርጂ ነጻ ነው፣ የ4800ውን ኮፒ ክፈቺና ግማሽ አድርገሽ አሳንሺው፣ 3400 ይሆናል። ከዛ ያሳነስሽውን መልሰሽ ወደ 6800 አሳድጊው። አሁን ካልተነካው ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ በ100 ፐርሰንት እያቸው፣ በተለይ ቀጭን ነገር ያለበት ቦታ ላይ፣ ጽሁፍ፣ የመብራት ሽቦ፣ የነጠላ ጥለት። ልዩነት ካላየሽ ያ ሁሉ ተጨማሪ ፒክሰል ምንም አልያዘም ማለት ነው፣ 2400ው ይበቃሻል። ልዩነት ካየሽ ትልቁን ውሰጂ። ይሄን ሳታደርጊ የፋይሉን መጠን ብቻ አይተሽ አትወስኚ።

አንድ ጥያቄ፣ ፎቶው ላይ ታፔላ አለ? ካለ እሱ ነው ሚዛንሽ። አሮጌው ላይ ታፔላው ስንት ፒክሰል እንደሚሰፋ ለኪ፣ ለፊደሎቹ አካፍዪው። እኔ ብዙ ፎቶ አይቼ የደረስኩበት፣ አንድ ፊደል 6 ወይ 7 ፒክሰል ብቻ ከደረሰው ግእዝ ፊደል አይነበብም ይገመታል፣ 20 አካባቢ ሲደርሰው ግን ቅጥያው ሁሉ ይለያል። ላቲን ትንሽ ይሻላል፣ የእኛ ፊደል ግን ሀ እና ሁ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፣ መጀመሪያ የምትጠፋው ደግሞ እሷው ናት።

ስለ ፓኬጁ አብሽሪ። ገጹ ላይ የምትታየዋን ትንሿን ምስል ሲስተሙ ራሱ አሳንሶ ነው የሚያቀርባት፣ ዋናው ፋይል 2 ሜጋም ሆነ 20 ሜጋ አንባቢው ጋ የሚደርሰው ትንሿ ናት። ከባዱ የሚወርደው ሰው ፈልጎ ዋናውን ሲከፍት ብቻ ነው።

እና ስካኖቹን ስትቀባበሉ በቴሌግራም በፎቶ አትላላኩ በናታችሁ፣ በፋይል ላኩ። በፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ያንሳል፣ ከዛ ያንን የተጨመቀውን ሰው "ኦሪጅናል ነው" ብሎ ይጭነዋል። ይሄ ነገር ስንት ጊዜ አናደደኝ።


የቧንቧ ውሃ ልጅ

አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ። ታፔላ አለው! መሀል ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት አለ። አሮጌው ላይ ለካሁት፣ ታፔላው 60 ፒክሰል ነው የሚሰፋው ጽሁፉ ደግሞ ክፍተቱን ጨምሮ አስር ቦታ ያህል ይወጣዋል፣ ስለዚህ አንዱ ፊደል 6 ፒክሰል ነው። ያኔ "ሀሰን ልብስ ሰፊ" ብዬ ነበር መግለጫው ላይ የጻፍኩት። አሁን አዲሱን ገና በደንብ አላየሁትም፣ ፈተናውን ማታ እሞክረዋለሁ።


ኪታብ ጠባቂ

እኔ ስለ ኤአዩ ነው መናገር የምፈልገው፣ እባካችሁ እሱን ነገር ተዉት፣ ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የአያቴ ኪታቦች አሉን፣ ቤታችን ኪታብ ሲቀራበት የኖረ ቤት ነው፣ የድሮ በእጅ የተጻፉ፣ አንዳንዶቹ ዐረብኛ አንዳንዶቹ በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ዐጀሚ የምንለው። ከዓመታት በፊት በድሮ ስልኬ አንስቻቸው ነበር፣ በኋላ "ይጥራልሽ" ብሎ አንድ ዘመዴ በኤአይ አሳደገልኝ። ሳየው ወረቀቱ አዲስ መሰለ፣ ቀለሙ አበራ፣ ደስ ብሎኝ አሮጌውን በሱ ልተካው ነበር።

ለአጎቴ አሳየሁት፣ እሱ ኪታብ ማንበብ ተምሯል። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመና "ይሄ የአባቴ ጽሁፍ አይደለም" አለኝ። ለምን ብል ነጥቦቹ ተለውጠዋል። ባ ከታች አንድ ነጥብ ናት፣ ታ ከላይ ሁለት፣ ሣ ከላይ ሦስት፣ አካላቸው አንድ ነው። ማሽኑ የብል ቀዳዳውን ነጥብ አድርጎታል፣ የደበዘዘውን ነጥብ ደግሞ እድፍ ነው ብሎ አጥፍቶታል። ያ ሰውዬ አያቴ አንድ ነጥብ እንዳይሳሳት በኩራዝ ሲጽፍ ያደረ ሰው ነው። ወላሂ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ልተካው ነበር እኮ።

በብራናም አንድ ነው፣ ክርስቲያን ጓደኞቼ ያው ነገር ገጥሟቸዋል፣ ሱ እና ሲ የሚለያዩት ቅጥያዋ መሀል ላይ ናት ወይ ታች ናት በሚለው ነው፣ ማሽን ደግሞ ግእዝ አያውቅም፣ የሚመስለውን ይስላል። ስለዚህ እህቴ ከኔጌቲቩ የመጣው ጥራት እውነተኛ ጥራት ነው፣ ፊልሙ ላይ ብርሃኑ የጻፈው ነው። በኤአይ የመጣው ግን ሌላ ሰው የገመተው ነው። የሰዎቹ ፊት ቁልጭ ይላል ተባለ፣ የማን ፊት? ያ መንገድ ላይ የቆመ ሰው የአንድ ደሴ ያለ ቤተሰብ አባት ነው፣ ልጁ አይቶ "አባዬ እንዲህ ነበር" ቢልስ? ኤአይ የነካውን በምንም ምክንያት በዋናው ላይ አትጫኚው። የግድ ከተባለ በሌላ ስም፣ ምን እንደተደረገበት ተጽፎ።


ወረኢሉ ማዶ

እሺ ስለ ኪታቡ ያልሺው ነገር ልቤ ገብቷል፣ እንዲህ አላሰብኩትም ነበር። የኤአዩን ትቻለሁ።


ጦሳ ግርጌ

ልጄ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ በወጣትነቴ ፎቶ ቤት ሰርቻለሁ፣ ኮምፒውተሩን ልጆቹ ይንገሩሽ፣ እኔ ጨለማ ክፍሉን ልንገርሽ።

ሴይቼንቶዋ ለምን ወረቀቱ ላይ እንደሌለች ልንገርሽ። ፊልሙ 24 በ36 ሚሊሜትር ነው፣ ወረቀቱ 9 በ13። መጠናቸው አይገጥምም፣ ወረቀቱን ለመሙላት ከፊልሙ ርዝመት ትንሽ መቆረጥ አለበት። ግን ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፣ አጎትሽ የፎቶ ማጉያው ማሽን ሥር ቆሞ ፎቶው መሀሉ ላይ እንዲያተኩር ብሎ አውቆ ቆርጧት ይሆናል፣ እኛም እንዲህ እናደርግ ነበር። ሰማዩን አጨልሞት፣ ፊቶቹን አብርቷቸው ሊሆን ይችላል በእጁ ብርሃኑን እየከለለ። ስለዚህ ወረቀቱ የአጎትሽ ሥራ ነው። ኔጌቲቩ ደግሞ የአጎትሽ ዓይን ያየው ነው። ሁለቱን አንዱን በሌላው ላይ መጫን እኔ አልስማማበትም። ማህተሙስ? ያ ማህተም ደሴ ላይ እንደዚያ የሚባል ፎቶ ቤት እንደነበር ምስክር ነው። በ2014ቱ ጦርነት ሙዚየማችን እንኳ ተዘርፎ ስንት ነገር እንደሄደ አይተናል፣ የስንቱ ቤት አልበም እንደጠፋ ቤቱ ይቁጠረው፣ ከዚህ በኋላ አንድ ምልክት እንኳ በገዛ እጃችን ማጥፋት የለብንም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ ኔጌቲቭ በየትኛውም ፊቱ ስካን ይደረጋል፣ ተገልብጦ ከሆነ ግራው ቀኝ ይሆናል። ታፔላው ቀጥ ብሎ ከተነበበ ደህና ነው። ሁለተኛ የወረቀቱን ጀርባ አይተሻል? እኛ ከጀርባ በእርሳስ ቀን እንጽፍ ነበር፣ ካለ እሱንም ስካን አድርጊው። ቀኑን ስትጽፊ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ግለጪ፣ ፈረንጁ 1960ዎቹ ሲባል የሱ ይመስለዋል፣ ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል።

የፎቶው ባለቤት ብለሽ የምትጽፊው አጎትሽን ነው፣ ስካን ያደረገውን ልጅ አይደለም። ስካን ማድረግ ማንንም ባለመብት አያደርግም። በእኛ አዋጅ፣ 410/1996 ማለቴ ነው፣ ፎቶ የሚጠበቀው ከተነሳ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፣ እሱ አልፏል፣ ቢሆንም የአጎትሽ ልጆች መስማማታቸው ሸጋ ነው፣ ስሙንም በትክክል ያጽፉሽ።


የሮሃ ልጅ

ጋሼ ጦሳ ትክክል ናቸው፣ ዕድሜ ይስጥልን። እኔ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ እና ከሌላ በኩል ልጨምር። እኛ ጋ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ መአት ነው፣ ጥራቱ ከፍ ያለ በየዓመቱ ይመጣል፣ ሰው ደግሞ የድሮውን ፋይል ከፍቶ የራሱን አዲስ ፎቶ ሊጭንበት ይፈልጋል "ያው ቤተ ጊዮርጊስ ነው የኔ ደግሞ ይጠራል" እያለ። ያው አይደለም። ያው የሚባለው አንድ ቀን፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ ጠቅታ ሲሆን ነው።

ለምን እንደምል ምሳሌው እዚሁ አለ። ቤተ ማርያምና ቤተ መድኃኔዓለም ላይ ከ2000 ገደማ ጀምሮ ትልልቁ የብረት መጠለያ አለ፣ ቤተ ጊዮርጊስ ግን ሳይሸፈን ሰማይ ያያል። ከመጠለያው በፊት በሁለት ሜጋፒክሰል ካሜራ የተነሳ የቤተ ማርያም ፎቶ ቢኖርሽ ዛሬ በ50 ሜጋፒክሰል ያነሳሁት አይተካውም፣ ያ ጥላ፣ ያ ድንጋዩ ላይ የወደቀ ፀሐይ ዛሬ የለም። እኔ ራሴ እንግዶቼን "በፊት እንዲህ ነበር" ብዬ የማሳያቸው በዛች ትንሽ ፎቶ ነው።

ስለዚህ የኔ ሕግ፣ ከዛው ከአንዱ ምንጭ የመጣ፣ ቁርጡም ቀለሙም አንድ የሆነ፣ በትክክል ዝርዝር የጨመረ ከሆነ ተኪው። ከዛ ውጭ ለብቻው ጫኚ። ስትተኪ የተጠቀሙበት ገጾች ሁሉ፣ የሌላውም ቋንቋ፣ በአንዴ ነው የሚቀየሩት። አንዱ ገጽ ላይ "በግራ የቆሙት" ብሎ የጻፈ ሰው ካለ ቁርጡ ሲቀየር ጽሁፉ ውሸት ይሆናል። የት የት እንደገባ ፋይሉ ገጽ ታች ይዘረዘራል፣ ሳትነኪው በፊት ሄደሽ እያንዳንዱን እዪ።


ኮምቦልቻ ቁልቁል

የሮሃ ልጅ ያለው ላይ እስማማለሁ፣ መጀመሪያ እኔም መተካት ነበር ያሰብኩት የጋሼን ጽሁፍ ሳነብ ነው የቀየርኩት። ግን አንድ መሀል መንገድ አለ፣ ወረቀቷ አሁንም እጅሽ ላይ ናት አይደል? እሷኑ እንደገና በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጊያት፣ 3070 በ2126 ገደማ ትወጣለች። ያ ምንጩም ቁርጡም ማህተሙም ያው ስለሆነ በአሮጌው ላይ መጫን ትችያለሽ፣ ማንም አይከፋውም። ከ600 በላይ ወረቀት ላይ ብዙ አታገኚም። የኔጌቲቩን ደግሞ አዲስ ፋይል አድርጊው፣ ሁለቱ ገጾች ላይ "ሌሎች እትሞች" በሚለው ቦታ አገናኛቸው። አሮጌው 924ቷ እንደሆነ ከፋይሉ ታሪክ ውስጥ አትጠፋም፣ ተሳሳትኩ ካልሽ መመለስም ይቻላል።

ጥቃቅን ነገር፣ አሮጌው ጄፔግ ከሆነ አዲሱም ጄፔግ መሆን አለበት፣ ስካነሩ ቲፍ የሚባለውን ሌላ የፋይል ዓይነት ከሰጠሽ በዛ ስም ላይ አይጫንም። ከጫንሽ በኋላ አሮጌው ከታየሽ አትደንግጪ ብራውዘርሽ ያስቀመጠው ነው፣ ገጹን በደንብ ሪፍሬሽ አድርጊ። አቧራና ጭረቱን ካጸዳሽም የጸዳው ሦስተኛ ፋይል ይሁን፣ ያልተነካው መጀመሪያ ይቀመጥ።


የቧንቧ ውሃ ልጅ

ተመለስኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ ግን ሁሉንም አደረግኩት።

ፈተናውን ሞከርኩ፣ 4800ውን አሳንሼ መልሼ ሳሳድገው ከዋናው ጋር ምንም ልዩነት አላገኘሁም፣ ታፔላው ላይም ሽቦው ላይም አንድ ነው። ስለዚህ የ2400ውን ነው የጫንኩት፣ እንደ አዲስ ፋይል፣ ሴይቼንቶዋ ሙሉ ትታያለች። ወረቀቷን በ600 እንደገና ስካን አስደርጌ በአሮጌው ላይ ተካሁት፣ ልጁ ጄፔግ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ሊሰጠኝ ነበር ቆሜ አስቀየርኩት። ጋሼ ጦሳ እንዳሉት ከጀርባዋ በእርሳስ ጽሁፍ አለ!! "ጥቅምት 61" ይላል በአጎቴ እጅ፣ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ገልብጬ አላየኋትም። እሷንም ለብቻ ጫንኳት ቀኑንም በእኛ መሆኑን ጽፌ አስተካከልኩ።

አሁን ዋናው። አዲሱ ላይ ታፔላው 200 ፒክሰል ገደማ ይሰፋል፣ አንዱ ፊደል ወደ 20 ማለት ነው። ዙም አድርጌ ሳየው የመጀመሪያዋ ፊደል በስተቀኝ መሀሏ ላይ ጭረት አላት፣ ሁለተኛዋ ደግሞ እግሯ ሥር ክብ አላት። ሀሰን አይደለም ሁሴን ነው! "ሁሴን ልብስ ሰፊ"። እኔ የሰውየውን ስም አሳስቼ ጽፌ፣ ከኔ ገልብጠው ሌሎችም ገጾች ላይ ጽፈውት ኖሯል። የራሴን መግለጫ አርሜያለሁ፣ የአማርኛውን ገጽም አርሜያለሁ፣ የሌሎቹን ቋንቋዎች ውይይት ገጽ ላይ ጽፌ እየጠበቅኩ ነው።

ከስሙ ሥር አንድ ትንሽ መስመር ጽሁፍ አለ፣ እሱ ግን በ2400ውም በ4800ውም አልለይ አለኝ፣ ፊልሙ ራሱ አልያዘውም መሰለኝ። "የወንድና የሴት" የሚል ይመስለኛል ግን በግምት አልጽፈውም። ደሴ ያላችሁ፣ ፒያሳ ላይ ያኔ የነበሩ አባትና እናት ያሏችሁ፣ ፎቶውን በፋይል እልክላችኋለሁ አሳዩልኝ። ሁሴን የሚባል ልብስ ሰፊ የሚያስታውስ ካለ እዚሁ ጻፉልኝ።


ጦሳ ግርጌ

ልጄ ላኪልኝ። የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይሰበሰባሉ፣ ይዤላቸው እሄዳለሁ። በወረቀት አሳጥበሽ ብትሰጪኝ ደግሞ ይሻላል፣ ስልክ ላይ ዓይናቸው አይደርስም።